ጋጋኖ ከዳሎል እስከ ታሊን

ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ‹‹ኢየሱስ የአውራ ጎዳናውን መንገድ ያሳይሃል›› የተሰኘው ፊልም በእኛ ሰው ዘንድ ለብቻው ተመዝኖ አያውቅም። ያየው ሁሉ ከ‹‹ፍርፋሪ›› ጋር ያስተያየዋል። በአራት ዓመት የሚቀድመው ‹‹ፍርፋሪ›› በአማርኛ የተሠራ፣ ማሳቅም ማሳዘንም የሚችል፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም እየተባለ ዓለምን የዞረ ሥራ ነው። ስለዚህ ተከታዩ ሲመጣ ተመልካች ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ‹‹የመጀመሪያው ጸጥታ ነበረው፣ ምድርና ሰው ነበረው፤ ሁለተኛው ጫጫታ ብቻ ነው›› ይላል። ሌላው ወገን ሁለተኛው ይበልጥ ደፋር፣ ይበልጥ አስቂኝ፣ ፖለቲካም የገባው ነው ብሎ ይሟገታል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። ግን ወገኖቼ የሚያቀርቡት ምክንያት የፊልሙን ሕመም በትክክል የነካ አይመስለኝም። ጫጫታ ብቻውን ፊልም አይገድልም።

ሥራዎቹ በይፋ ተከታታይ ተብለው አልወጡም። ሆኖም አንድ ተዋናይና አንድ ስም ያስተሳስሯቸዋል፤ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ‹‹ቺገር ኤል›› በተባለው አጭር ፊልም ያኔ ካዛንቺስ ይገኝ በነበረው የፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ የሂትለርን ልብስና ጢም አድርጎ ታየ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀበት። በ2015 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል በቀረበው የ68 ደቂቃው ‹‹ፍርፋሪ›› ከሰላም ተስፋዬ ጋር ሆኖ የዓለም ፍጻሜ ካለፈ በኋላ የሚኖር ቁራሌው ሰው ሆነ። በሦስተኛው ደግሞ የገዛ አያቱ ስም የገጸ ባሕርዩ ስም ሆኖ፣ ‹‹ዲ.ቲ. ጋጋኖ›› ተብሎ፣ የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ሆኖ መጣ። የይስማዕከ ወርቁን ‹‹ዴርቶጋዳ›› እና ተከታዮቹን እየተሻማ ያነበበ ትውልድ የዚህ ዓይነቱን ጉዞ ያውቀዋል። አንባቢ በመጀመሪያው መጽሐፍ ከወደደው ሰው ጋር ይዋዋላል፤ ቀጣዩን የሚገዛው ያንን ሰው እንደገና ለማግኘት ነው። የጋጋኖም ተመልካች የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ያ ሰው አለ ወይ?

መጀመሪያ ያ ሰው ማን እንደነበረ እንይ።

‹‹ፍርፋሪ›› የሚከፈተው ዳሎል ላይ ነው። ቢጫና አረንጓዴ በሆነው የዲን ምድር ላይ አንድ ትንሽ ሰው ብቻውን ይሄዳል፤ ከመሬት አንዲት የፕላስቲክ የገና ዛፍ ያነሣል። ወዲያው ጭምብል ያጠለቀ፣ የናዚ ምልክት ያሰረ ሰው ያባርረዋል። ጦርነቶች አልፈዋል፤ የሰው ልጅም ዘሩን የመቀጠል ፍላጎቱ እየጠፋ ሄዷል። የቀሩት ጥቂቶች በወደቀው ዓለም ፍርስራሽ ውስጥ ይኖራሉ። ሰውየው ከሚወዳት ሴት ጋር የሚኖረው በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ነው። ሰማዩ ላይ ለዘመናት ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ የጠፈር መርከብ አለ። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን በራሱ ጊዜ ይነሣል፤ መርከቡ ነቅቷል ማለት ነው ብለው ያምናሉ። ሰውየው የመጣሁት ከሌላ ፕላኔት ነው ባይ ነውና እሷን ይዞ ወደ አገሩ ሊመለስ ይቆርጣል። ጠንቋይ ዘንድ ይሄዳል፤ ከዚያ የገና አባት ዘንድ። መንገዱ በወንጪ ሐይቅና በድሬዳዋ ያልፋል፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው ባቡር ቅሪት ከፊልሙ ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ ነው። ለዚያ ሁሉ ፍርስራሽ ያንሶ ምንም መድረክ መሥራት አላስፈለገውም። ቆሞ ነበር የጠበቀው።

በዚህ ዓለም ውስጥ የኛ ዘመን ርካሽ ዕቃ ሁሉ ንዋየ ቅድሳት ሆኗል። የማይክል ጃክሰን ሸክላ፣ የልጆች የፕላስቲክ ሰይፍ፣ የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት ወደ ዕቃ ገማቹ ሱቅ ይቀርባሉ። ገማቹም እያገላበጠ ያይና ለእያንዳንዱ ታሪክ ይናገርለታል፤ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ጦርነት ዋዜማ ተዋጊዎች እንደያዙት። ሴቲቱ በበኩሏ ቤት ስትቀር ማይክል ጆርዳንን በጸሎት ትማጸናለች።

ይህን ፊልም ላሊበላ ካለችበት ከላስታ ሆኖ ማየት ሌላ ነገር ነው። ገና በላሊበላ ማለት ታኅሣሥ 29 ነው፤ የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ከዋግ፣ ከየጁ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ምእመኑ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የዐለት አፋፍና ከታች በቅጥሩ ውስጥ ተከፍለው ‹‹ቤዛ ኩሉ›› ያሸበሽባሉ። በዚህ በዓል ውስጥ የፕላስቲክ ጥድ ቦታ የለውም። ቀይ የለበሰው ሽማግሌም የለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆችና ሆቴሎች ደጃፍ የምናያቸው እነዚህ ሁለት ነገሮች ከሌላ ሰው በዓል ተነጥለው የመጡ ናቸው። እንግዲህ ያንሶ ያደረገው ይህን ነው፤ ከበዓሉ የተነጠለውን ዕቃ ይወስድና በዓሉን ፈጽሞ በማያውቅ ሰው እጅ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ዛፏን የሚይዛት መስቀል እንደሚይዝ ካህን ተጠንቅቆ ነው። እዚህ ላይ የሚስቅ ይስቃል። እኔ መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ።

በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔዓለም ‹‹አፍሮ አይገባ›› የተባለው መስቀል ተሰረቀ። በላሊበላ ከሚከበሩት መስቀሎች ሁሉ የሚበልጥ፣ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በሽተኛ የሚዳሰስበት መስቀል ነው። የከተማው ሰው ዘመድ እንደሞተበት አለቀሰ። በኋላ መስቀሉ ቤልጂግ ውስጥ አንድ የጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አቀባበሉም የታቦት አቀባበል ያህል ነበር። ያ ሰብሳቢ መስቀሉን ይዞ ምን ያየው ነበር? ዘመኑን፣ የብረቱን ዓይነት፣ የሠሪውን እጅ፣ ዋጋውን ያይ ነበር። የ‹‹ፍርፋሪ›› ዕቃ ገማች ማለት እሱ ነው፤ ቦታው ብቻ ተገላብጧል። አንድ ነገር ከሚወደው ሕዝብ ሲነጠል ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ ከኛ ወገን ሆኖ፣ በእነሱ ዕቃ፣ ይጠይቃል። ላሊበላ ውስጥ ለጎብኚ የሚሸጠውን፣ ትናንት ተሠርቶ አሮጌ እንዲመስል ጢስ የጠጣውን የብራና ሥዕል ያየ ሰው ደግሞ የገማቹን ሱቅ ሌላ ጎኑንም ያውቀዋል፤ ታሪክ ሲነገርለት ዋጋው የሚወጣ ዕቃ በእጁ አልፏል።

ስለዚህ የ‹‹ፍርፋሪ›› ቀልድ ከየት እንደሚመጣ በትክክል መናገር ያስፈልጋል፤ ተከታዩን የምመዝነው በዚህ ነውና። ቀልዱ የሚመጣው ዳንኤል ስለማይቀልድ ነው። በፊቱ ላይ አንድም ጊዜ ‹‹ይህ እኮ አሻንጉሊት ነው›› የሚል ነገር አይታይም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ የገና አባት ዘንድ ሲደርስ የሚያሳየው ትሕትና አባ ዘንድ ለንስሐ የቀረበ ሰው ትሕትና ነው። ሰላም ተስፋዬም፣ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የምናውቃትን የፍቅር ፊልም ኮከብነት ትታ፣ ጆርዳንን የምትማጸነው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልመናዋ እንደሚሰማ አምና ነው። ይህ በጸሎት ላይ ማላገጥ ነው ብለው የተቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቁጣቸውን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። ፊልሙ የሚያሾፈው በሚጸልየው ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ እቆጣ ነበር። የጸሎቱ ሥርዓት ሁሉ ተሟልቶ አድራሻው ብቻ የጠፋባት ሴት ግን ታሳዝነኛለች እንጂ አታስቀኝም።

አንድ ትዕይንት አለ። በተተወ ሲኒማ ቤት ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራው የቱርክ ሱፐርማን ፊልም ይታያል። እንደኛ በወልድያና በላሊበላ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቋንቋውን የማናውቀውን የህንድና የካራቴ ፊልም እናይ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ የገባውን ያህል ይተረጉምልናል፣ ያልገባውን ይፈጥርልናል። የሌላ ሰው ጀግና በዚያ ጨለማ ውስጥ የኛ ጀግና ይሆን ነበር። ፊልሙ የሰው ልጅ ተረት የሚሰደድበትን መንገድ በዚያች አጭር ትዕይንት ያሳያል፤ ከአሜሪካ ወደ ቱርክ፣ ከቱርክ ወደ አንድ የኢትዮጵያ ፍርስራሽ።

ፊልሙን ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ያየነው ደግሞ ሌላ ሆነን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላ በጦርነት ውስጥ አለፈች። ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ ለወራት መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ አውሮፕላን ቀረ። በእንግዳ የሚኖር ከተማ እንግዳ አልባ ሆነ። ቤን አበባ በሚባለው፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ሌላ ዓለም ሕንጻ በቆመው ምግብ ቤት በኩል ያለፈ ሰው ባዶውን ሲያይ ‹‹ፍርፋሪ›› ውስጥ የገባ ይመስለው ነበር። ከጭንቅላታችን በላይ ደግሞ የተንጠለጠለ ነገር አለን። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከሉት ግዙፍ የብረት ጣሪያዎች ለጊዜው ተብለው መጥተው እስከ ዛሬ አሉ። ከዝናብ ሊያድኑ የመጡት ጣሪያዎች ራሳቸው ወድቀው ዐለቱን እንዳይጎዱት ሕዝቡ ፈርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ሰልፍ ወጥቷል። ማን እንደሰቀለው የምናውቀው፣ ማን እንደሚያወርደው ግን ለረጅም ጊዜ ያላወቅነው ነገር ከላያችን ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ያንሶ አላሰበበትም ይሆናል፤ የላሊበላ ተመልካች ግን መርከቡን ሲያይ የሚያስበው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን ነው ወደ ተከታዩ የምንሄደው።

ዘመኑ 2035 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦታው የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን። የሲ.አይ.ኤ.ን የኮምፒዩተር ዓለም ‹‹ሶቪየት ኅብረት›› የሚባል ቫይረስ ወርሮታል። ሁለት ሰላዮች፣ ጋጋኖና ፓልመር ኤልድሪች፣ በምናብ መሣሪያ ወደዚያ ዓለም ገብተው ቫይረሱን ማጥፋት አለባቸው። የሁለተኛው ስም ከአሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ኬ. ዲክ የ1965 እ.ኤ.አ. ልቦለድ የተወሰደ ነው፤ የዘርፉ አፍቃሪ ገና ስሙን ሲሰማ ይደሰታል። በምናቡ ዓለም ሰላዮቹ የወረቀት ጭምብል ያጠልቃሉ፤ ጋጋኖ የኮሜዲያኑን የሪቻርድ ፕራየርን ፊት፣ ባልደረባው የሮበርት ሬድፎርድን ፊት፤ ቫይረሱ ራሱ የስታሊንን ፊት። እንቅስቃሴያቸው እንደ አሻንጉሊት እየተቆራረጠ ይሄዳል። ጋጋኖ የሚፈልገው ግን ይህን ሁሉ አይደለም። ጡረታ ወጥቶ ከሚስቱ ከማሊን ጋር የራሳቸውን ንግድ ከፍተው መኖር ይፈልጋል፤ እሱ ፒዛ ቤት፣ እሷ የኪክቦክስ ማሠልጠኛ። ተልዕኮው ይበላሽና ጋጋኖ በምናቡ ዓለም ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ገላው እዚህ፣ ነፍሱ እዚያ።

ፊልሙን የሚወዱት ሰዎች የሚያነሡትን በቅንነት ላቅርብ፤ ብዙ እውነት አለበትና። አንደኛው የዳንኤል ገላ ነው። ሰውነቱ ከአብዛኛው ሰው ያነሰ ነው። በ‹‹ቺገር ኤል›› ሰዎች የሚስቁበት እሱ ራሱ ነበር፤ በአዝማሪ ቤት ወግ የገባ ሁሉ ይዘፈንበታልና ያም የራሱ ጨዋታ ነው ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ከዚያ ሳቅ ውስጥ ጭካኔ አልጠፋም። በ‹‹ፍርፋሪ›› ሳቁ ቀረ፤ ሰውየው የመከራ ሰው ሆነ። በሦስተኛው ግን ሰላይ ነው፣ ባል ነው፣ የሚፈለግ ሰው ነው፤ ረጅሟ ማሊን በሙሉ ልቧ ትወደዋለች፣ ፊልሙም ይህን ፍቅር ምንም ማብራሪያ እንደማያሻው አድርጎ ያልፈዋል። በኢትዮጵያ ፊልምና ድራማ ውስጥ ቁመተ አጭር ተዋናይ ለማሳቂያ ብቻ ሲጠራ ላየን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፒዛ ቤቱ ሕልም በፊልሙ ውስጥ ካለው ሁሉ ልቤን የነካኝ ለዚህ ነው። ዓለምን ለማዳን የተላከ ሰው የሚያልመው ምድጃና ዱቄት ነው።

ሁለተኛው ድፍረቱ ነው። በምናቡ ዓለም ውስጥ ‹‹ቤታ ኢትዮጵያ›› የምትባል አገር አለች፤ የሚገዛት ባትፍሮ የሚባል፣ እንደ ባትማን የለበሰ አምባገነን ነው። ሰሎሞን ታሼ ይጫወተዋል፤ ሲገባ ትዕይንቱ ይሞቃል። ገዢው የሚለብሰው የሌላ አገር የልጆች ጀግና ልብስ መሆኑ ስለ ሥልጣን ትርኢት ብዙ ይናገራል። እዚህ ላይ ፊልሙ የ‹‹ፍርፋሪ››ን ሐሳብ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የተሰደደው ተረት አሁን የተራ ሰው ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ የገዢ መሣሪያ ሆኗል። ይህ ሐሳብ ብቻውን ሙሉ ፊልም ይወጣው ነበር።

ጥያቄዬ እዚህ ይጀምራል፤ ለምን አልወጣውም?

ስለ ሶቪየት ኅብረት እናንሣ። ይህ ቀልድ ለምዕራቡ ተመልካች ከድሮ የስለላ ፊልሞች የተረፈ ትዝታ ነው። ለኛ ግን ትናንት ነው። የሌኒን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ቆሞ በ1983 ዓ.ም. ሲወርድ ያዩ ዓይኖች ዛሬም አሉ፤ የማርክስ ራስ ስድስት ኪሎ አካባቢ እስከ አሁን አለ። በወሎና በላስታ ደግሞ ነገሩ ከሐውልት ያልፋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኮረም ላይ የወደቀውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ወዲያው የመጣው ሰፈራ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲያንቀሳቅስ ትልቁን ድርሻ የያዘው የወሎ ገበሬ ነበር፤ በሶቪየት አንቶኖቭ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ቆላ ተወሰደ። በዚያው ዓመት የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች መንገድ በሌለው ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ይጥሉ ነበር። ከሰማይ የሚመጣ መርከብ፣ አንዱ ሰው የሚወስድ፣ ሌላው እንጀራ የሚጥል፤ ይህ በአያቶቻችን ዕድሜ የሆነ ነው። ‹‹ሶቪየት ኅብረት›› የሚባል ቫይረስ፣ ‹‹ቤታ ኢትዮጵያ›› የምትባል አገር፣ ከዚህ አገር የሄደ አንድ ትንሽ ሰው፤ ሦስቱም በእጁ እያሉ ዳይሬክተሩ አላገናኛቸውም። ስታሊን የወረቀት ፊት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጋጋኖ ፊቱን ሲያይ የሚሰማው ነገር የለም፤ የኢስቶኒያ ሰላይም ቢሆን ያው ነበር። ኢስቶኒያ ራሷ በሶቪየት ሥር የነበረች አገር ናት፤ ስለዚህ ቦታውም ሰውየውም ለዚህ ቀልድ ጥልቀት የሚሰጥ ታሪክ ነበራቸው። ሁለት የቆሰሉ ትዝታዎች በአንድ ፊልም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተያዩ አለፉ።

ጫጫታው በዝቷል የሚለው የወገኖቼ ክስ አንድ ነገር የሚስተው እዚህ ነው። ፊልሙ ከ80 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ሰላዮች፣ የኩንግ ፉ ተፋላሚዎች፣ አምባገነን፣ የሕልም ዓለም ሁሉ ታጭቀውበታል። ቢታጨቁም ጉዳት አልነበረውም። ጉዳቱ፣ ከነዚህ ሁሉ መካከል የሚያምን ሰው አለመኖሩ ነው። በ‹‹ፍርፋሪ›› አንድ ሰው በአንዲት የፕላስቲክ ዛፍ ያምን ነበርና እኛም ከሱ ጋር ሄድን። በተከታዩ ሁሉም ጭምብል ጭምብል መሆኑን ያውቃል። ተዋናዮቹ አውቀው ይጫወታሉ፣ ካሜራው አውቆ ይስቃል፣ ተመልካቹም ማጣቀሻውን ባወቀ ቁጥር ‹‹ይህችን አውቃታለሁ›› እያለ እንዲደሰት ይጋበዛል። ማጣቀሻውን የማያውቅ ሰው ከበር ይቀራል። ‹‹ፍርፋሪ››ን የሚያይ ሰው ግን ጆርዳን ማን እንደሆነ ባያውቅም ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ያላወቀ ለሴቲቱ ይበልጥ ይቀርባል።

ትልቁ ጉዳት ግን ድምፁ ላይ ነው። ተከታዩ ፊልም በሙሉ በእንግሊዝኛ በኋላ የተለጠፈ ድምፅ ነው የያዘው፤ የከንፈሩና የድምፁ አለመገጣጠም ሆን ተብሎ የተደረገ፣ የድሮ ርካሽ ፊልሞችን የሚያስታውስ ጨዋታ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገራችን የጥበብ ሰዎች ምን ያህል እንደተከራከሩ እናስታውሳለን፤ የሌላ ሰው ፊት በኛ ቋንቋ ሲናገር የሚፈጥረውን መደናገርና ደስታ ያኔ ቀምሰናል። እዚህ የሆነው ግልባጩ ነው፤ የኛ ሰው ፊት በሌላ ቋንቋ ይናገራል። የዳንኤል ታደሰ ትወና ግማሹ አነጋገሩ ነበር። በ‹‹ፍርፋሪ›› ቃላቱን በጥንቃቄ፣ በትንሽ ፍርሃት፣ ሰው እንዳይቆጣበት እንደሚሰጋ ሰው ያወጣቸዋል፤ ከሰላም ጋር ሲሆን ብቻ ድምፁ ይለሰልሳል። አማርኛ የሚሰማ ተመልካች ከዚያ ድምፅ የሰውየውን አስተዳደግ ሳይቀር ይሰማል። ያ ድምፅ ሲወሰድ ጋጋኖ ስሙን እንደያዘ ሰውነቱን ያጣል። ታሪኩም ስለዚያው ስለሆነ፣ ነፍሱ በምናብ ዓለም ስለተያዘችበት ሰው ስለሆነ፣ ዳይሬክተሩ ይህን አውቆ ቢጠቀምበት እንዴት ያለ ነገር ይወጣው ነበር! ማሊን አጠገቡ ተቀምጣ፣ ከታሰረበት ዓለም ድንገት አንዲት የአማርኛ ቃል ቢያወጣ፣ የእናቱን ስም ቢጠራ፣ እሷ ሳይገባት ለእኛ ቢገባን፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ይነሣ ነበር።

ስለ ርዕሱም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ላሊበላ ውስጥ የፊልሙን ስም የነገርኳቸው ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ ‹‹መንፈሳዊ ነው ወይ?›› ብለው ነበር፤ አለመሆኑን ሲሰሙ አብዛኞቹ ማየት አልፈለጉም። ይህን እንደ ጠባብነት የሚቆጥር ሰው ይኖራል። የጌታን ስም ጠርቶ በሚሰናበት፣ ስሙን ጠርቶ ሥራ በሚጀምር ሕዝብ መካከል ግን ስም ቀላል ነገር አይደለም። ‹‹ፍርፋሪ›› የነካው የሌሎችን ቅዱስ ነገር መስሎ የኛን ጥያቄ ነበር፤ ተከታዩ የኛን ቅዱስ ስም ይዞ ምንም አልጠየቀበትም። ኢየሱስ የተባለው ምስል በፊልሙ ውስጥ ከሌሎቹ ጭምብሎች እንደ አንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሰዎቹ እምቢታ ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ሠዓሊ ከባድ ስም ካነሣ እስከ መጨረሻው ሊሸከመው ይገባል።

ያም ሆኖ ‹‹ተከታዩን አትዩ›› ብዬ አልመክርም። የባትፍሮን ትዕይንቶች፣ የጋጋኖንና የማሊንን የመኝታ ክፍል ጭውውት፣ የወረቀት ፊቶቹን የተቆራረጠ ግስጋሴ ማየት ይገባል። የኛ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ከሁሉም በላይ ሊያዩት ይገባል፤ በትንሽ ገንዘብ፣ በካርቶንና በወረቀት፣ ሰው ያላየው ዓለም መፍጠር እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቅርቡ አላየሁም። አዲስ አበባ ከዓመት ዓመት የምታወጣቸው የፍቅርና የቀልድ ፊልሞች አንድ ዓይነት ሳሎን፣ አንድ ዓይነት መኪና ሲያሳዩን ለሚሰለቸን ሰዎች ይህ እስትንፋስ ነው። የሚያዩት ግን ‹‹ፍርፋሪ››ን አስቀድመው ይሁን፤ የጋጋኖን የመጀመሪያ ድምፅ ሳይሰሙ የተለጠፈበትን መስማት ምን እንደጠፋ አያሳይም።

ያንሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ‹‹ማለቂያ የሌለው በጋ›› የታሊን ወጣት ሴቶች ታሪክ ነው፤ ጋጋኖ የለበትም። ስለዚህ ይህ ሰው አሁን ባለቤት የለውም ማለት ይቻላል፤ ዳንኤል ታደሰ ግን አለ፣ ዳሎልም አለ፣ ድሬዳዋም አለ፤ ከአሸተን ማርያም ተራራ ቁልቁል ሲታይ ማለቂያ የሌለው የሚመስለው የላስታ ገደል ደግሞ እኔ እስከማውቀው እስከ ዛሬ በአንድም የሳይንስ ልቦለድ ፊልም አልታየም። ቀጣዩን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ካለ ከአንቶኖቭ ይጀምር፤ ጋጋኖንም በአማርኛ ያናግረው።